ንጉሥ በንጉሥ ስም የሚከሰስበት አገር

(በለንደን በተካሄደ የኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት የቃላት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረ የቀረበ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁም ሆነ ልጆቻችሁን አስከትላችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንደምን አመሻችሁ! አዘጋጆቹ ይህን መድረክ ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በመኖሪያ ቤት፣ በጤናና በዘር እኩልነት ረገድ መንግሥትን እንዴት ተጠያቂ እናድርግ የሚል ሰፊ ርእስ ተሰጥቶኛል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ለብዙ ዓመታት በካውንስል (በአካባቢ አስተዳደር) ቢሮዎች፣ በሆስፒታሎችና በፍርድ ቤቶች በአስተርጓሚነት ስሠራ በባለሥልጣኑና በባለጉዳዩ መካከል ተቀምጬ ካየሁትና ከሰማሁት ተነሥቼ ነው የምናገረው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ፤ የቀን አቆጣጠሩ ነገር ወደ ኋላ ላይ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው።

ሁላችንም ያደግንበት አንድ አባባል አለ፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። አገራችንን ትተን ስንወጣ ይህን አባባል ትተነው አልወጣንም። ቤቱ ሲያፈስ «ይሁን፣ መጠለያ መስጠታቸውም አንድ ነገር ነው» እንላለን። ሐኪሙ በቅጡ ሳይሰማን ሲያሰናብተን «ምን ይደረግ፣ የሰው አገር ነው» እንላለን። የሰው አገር ነው? ግብር የምንከፍልበት፣ ልጆቻችን የተወለዱበት፣ ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ወላጆቻችንን የቀበርንበት አገር እስከ መቼ ድረስ ነው የሰው አገር የሚባለው?

በዚህ አገር ንጉሥ አለ። ይሁንና አንድ ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሳለፈው ውሳኔ ሕግን የተከተለ መሆኑ እንዲመረመርለት ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲያመለክት፣ የመዝገቡ ርእስ የሚጻፈው «ንጉሡ፣ በእገሌ አመልካችነት፣ በእገሌ ካውንስል ላይ» ተብሎ ነው። ከሳሹ ንጉሡ ነው፤ ተከሳሹ የንጉሡ መንግሥት ነው። የአንዲት ጽዳት ሠራተኛ አቤቱታ በንጉሡ ስም ይቀርባል ማለት ነው። እውነት ለመናገር ይህ የድሮ ወግ ቅሪት ነው፤ ቢሆንም እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት፣ ዜግነት ያልወሰዳችሁ «ይህ እኛን አይመለከትም» እንዳትሉ አንድ ነገር ላጥራ። ኢትዮጵያም ሆነች ኤርትራ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆኑ፣ ከጋና ወይም ከናይጄሪያ የመጣው ጎረቤታችን የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ በፓርላማ ምርጫ ድምፅ ሲሰጥ፣ እኛ ዜግነት እስክናገኝ ድረስ ከምርጫ ጣቢያው ደጅ እንቀራለን። ነገር ግን የአካባቢው የፓርላማ አባል የመረጡትንም ያልመረጡትንም፣ መምረጥ የማይችሉትንም ይወክላል። በ2000 የወጣውና ከ2005 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመረጃ ነፃነት ሕግ የጠያቂውን ፓስፖርት አይጠይቅም፤ ማንም ሰው ለካውንስልም ሆነ ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጥያቄ ቢያቀርብ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ የማግኘት መብት አለው። ለፓርላማ የሚቀርብ አቤቱታም ላይ ነዋሪ የሆነ ሁሉ መፈረም ይችላል፤ ፊርማው 10,000 ሲደርስ መንግሥት መልስ ይሰጣል፣ 100,000 ሲደርስ ለክርክር ይታሰባል። ድምፅ መስጠት አለመቻል ሌላ፣ ዝም ማለት ሌላ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥቤ፣ ወደ መኖሪያ ቤት ልለፍ። ብዙ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው።

ስለ ግሬንፌል ለዚህ ጉባኤ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጁን 14 ቀን 2017 ሌሊት በሰሜን ኬንሲንግተን ባለ 24 ፎቁ ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ። ከነዋሪዎቹ መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ከመካከላችሁ ለቅሶ የደረሳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ዛሬ ላስታውሳችሁ የምፈልገው ግን ከእሳቱ በፊት የነበሩትን ዓመታት ነው። በጁላይ 2009፣ በደቡብ ለንደን ካምበርዌል፣ ላካናል ሃውስ የሚባል ሕንፃ ተቃጥሎ 6 ሰዎች ሞተው ነበር፤ ከእነርሱ መካከል ሦስቱ ሕፃናት ናቸው። የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረችው ዳኛ በ2013 ለሚመለከተው ሚኒስትር ደብዳቤ ጽፋ፣ የሕንፃ እሳት ደኅንነት መመሪያው ለመረዳት አስቸጋሪ ስለሆነ እንዲሻሻል አሳሰበች። ደብዳቤው ደርሷል፣ ተነቧል፣ መልስም ተሰጥቶበታል። መመሪያው ግን ግሬንፌል እስኪቃጠል ድረስ እንደነበረ ቆየ። የግሬንፌል ነዋሪዎችም ቢሆኑ ዝም አላሉም፤ ስለ ሕንፃው ደኅንነት ደጋግመው ጽፈዋል፣ አስጠንቅቀዋል።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ፤ ማስጠንቀቂያ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። ዕውቀት ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። የጠፋው «ያ ደብዳቤ ምን ደረሰ?» እያለ በየዓመቱ የሚጠይቅ፣ ሳይመለስለትም የማይተው ሰው ነው። በሰር ማርቲን ሙር ቢክ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን ሴፕቴምበር 4 ቀን 2024 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት የሁሉም ሟቾች ሞት ሊወገድ ይችል እንደነበር ደምድሟል። ከሰጣቸው 58 ምክረ ሐሳቦች መካከል ጋዜጦች ብዙም ያላነሡት፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥብኝ አንድ አለ፤ አጣሪ ኮሚሽኖች፣ የአሟሟት መርማሪ ዳኞችና የፓርላማ ኮሚቴዎች የሚሰጡትን ምክር ሁሉ፣ መንግሥትም በእያንዳንዱ ላይ ምን እንዳደረገ የሚያሳይ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ ይኑር የሚል ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ በ2013 ቢኖር ኖሮ፣ የላካናሉ ደብዳቤ ያለ እርምጃ መቅረቱን ማንኛውም ነዋሪ ከቤቱ ሆኖ ማየት በቻለ ነበር።

የሟቾች ቤተሰብ ጠበቆች በምርመራው ጊዜ የዘር ጉዳይ ፊት ለፊት እንዲታይ ጠይቀው ነበር። ኮሚሽኑ ሥራውን የጀመረበት ማዕቀፍ ግን ያንን ጥያቄ አላካተተም። ይህን የምለው ሪፖርቱን ለማናናቅ አይደለም፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ በሪፖርት ውስጥ ሙሉ መልስ እንደማያገኝ እንድናይ ነው።

ሁለተኛውን ምሳሌ በሮችዴል ከተማ እናገኘዋለን። ከሱዳን የመጡ ወላጆች ልጅ የነበረው አዋብ ኢስሃቅ በዲሴምበር 2020፣ ሁለት ዓመት እንደሞላው ሞተ። አባቱ በቤቱ ውስጥ ሻጋታ መኖሩን ያመለከተው በ2017 ነበር፤ የተሰጠው መልስ ቀለም ቀባበት የሚል ነበር። በ2022 የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረችው ዳኛ ሕፃኑን የገደለው ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ መጋለጡ እንደሆነ ወሰነች። አከራዩ ድርጅትም ስለ ቤተሰቡ የአኗኗር ዘይቤ ያለ ማስረጃ ግምት ወስዶ እንደነበር አመነ። ግምት! ልጁ ሲያስል ቤተሰቡ እንዴት ገላውን እንደሚታጠብ ይገመት ነበር።

ቤተሰቡ በሐዘን ብቻ አልተቀመጠም። በ2023 በወጣው ሕግ ውስጥ የልጁን ስም የያዘው ድንጋጌ ገባ፤ ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮም በእንግሊዝ የማኅበራዊ መኖሪያ ቤት አከራዮች (በዝቅተኛ ኪራይ በሚያከራዩ ካውንስሎችና የቤት ማኅበራት) ላይ ተፈጻሚ ሆኗል። አስቸኳይ አደጋ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ መጥተው ማስወገድ አለባቸው። ጉልህ የሆነ እርጥበትና ሻጋታ ከሆነ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መርምረው፣ ምርመራው ባለቀ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ከአደጋ ነፃ ማድረግ አለባቸው። እባካችሁ እነዚህን ቁጥሮች ጻፏቸው፤ 24 ሰዓት፣ 10 ቀን፣ 5 ቀን። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ግን ነገሩን ካሳወቃችሁበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ መቼ እንዳሳወቃችሁ ማስረዳት መቻል አለባችሁ። በስልክ 40 ደቂቃ ጠብቆ አልቅሶ መዝጋት ማስረጃ አይሆንም።

እዚህ ላይ የቀን አቆጣጠሩን ታሪክ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ለአንዲት እናት አስተረጎምሁ። ስሟንም፣ ሰፈሯንም፣ አከራይዋንም አልጠራም። የልጆቿ መኝታ ክፍል ግድግዳ ከአልጋው ራስጌ ጀምሮ እስከ ጣሪያው ማዕዘን ድረስ ጠቁሮ ነበር፤ ቁም ሳጥኑን ሳብ ስታደርገው ከጀርባው ያለው የግድግዳ ወረቀት እንደ እርጥብ ልጥ እየተላጠ ወረደ። የመጣው ሠራተኛ በቀን ስንት ጊዜ እንደምታበስል፣ ድስቱን ትከድን እንደሆነ፣ መስኮት ትከፍት እንደሆነ ጠየቃት። «ልጆቼን ላብላ ወይስ ግድግዳ ላድርቅ?» ብላ መለሰችለት። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጎምሁ። እርሱ በቅጹ ላይ የጻፈው ግን «ኮንደንሴሽን» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ ከማብሰያና ከትንፋሽ እንፋሎት የመጣ እርጥበት ማለቱ ነው፤ ጥፋቱ የአብሳይዋ ነው ማለት ነው።

ይህች እናት እንግሊዝኛ ባትጽፍም የልጇን የትምህርት ቤት ደብተር ወስዳ በየዕለቱ በአማርኛ ትጽፍ ነበር። አከራዩ በበኩሉ ጠጋኝ ልኮ በሩን የሚከፍት እንዳጣ፣ ስለዚህም የዘገየችው እርሷ እንደሆነች ተከራከረ። በግል መረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት ስለ እርሷ የተያዘው መዝገብ በሙሉ እንዲሰጣት በጽሑፍ ጠየቀች፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለበት። መዝገቡ ሲመጣ ጃንዋሪ 29 ላይ «ጠጋኙ ሄዶ ነበር፣ ቤቱ ሰው የለበትም» ይላል። የእርሷን ደብተር ገልጠን ቀኑን ስናመሳክር እንዲህ የሚል ተጽፎ አገኘን፤ «ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም። ሰዎቹ ይመጣሉ ስለተባለ ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። እስከ ማታ ጠበቅን፣ ማንም አልመጣም።» ለማርያም በዓል ቤተ ክርስቲያን የቀረች ሰው ቀኑን ትሳሳታለች? ገጹን ተርጉመን፣ የሁለቱን አቆጣጠሮች ማመሳከሪያ አያይዘን ለቤቶች እንባ ጠባቂ ላክነው። የተወሰነላት ካሳ ይህን ያህል የሚያወራ አልነበረም፤ ግድግዳው ግን ተሠራ፤ መዝገቡም ታረመ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የምንለው ለጌጥ አይደለም። ጽሑፉ በአማርኛ ቢሆን፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ቢሆን፣ ወረቀቱ የልጅ ደብተር ቢሆን ነውር የለውም።

ወደ እንባ ጠባቂው ለመድረስ መንገዱ አጭር ነው። አከራዩ ሁለት ደረጃ ያለው የቅሬታ ሥርዓት አለው፤ ሁለተኛውን፣ የመጨረሻውን መልስ ካገኛችሁ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ለእንባ ጠባቂው ታቀርባላችሁ፤ ክፍያ የለውም። በጊዜያዊ መጠለያ ላላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ልጅ ያለው ቤተሰብ የጋራ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ባለው የግል አልጋ ቤት ውስጥ ከ6 ሳምንት በላይ እንዲቆይ ማድረግ አይፈቀድም። ካውንስሉ የቤት እጦት ማመልከቻችሁን ውድቅ ቢያደርግ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ለመጠየቅ ያላችሁ 21 ቀን ነው። ደብዳቤውን ሳትከፍቱ ለቅዳሜ አስተርጓሚ አታቆዩት፤ ለእኔም ቢሆን።

ሁለተኛው ነጥቤ ጤና ነው። በዚህ አገር የእናቶች ሞት በየዓመቱ ይመረመራል፤ በ2019 የወጣው ሪፖርት ጥቁር እናቶች በእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት የሚሞቱበት ዕድል ከነጭ እናቶች 5 እጥፍ እንደሆነ አሳየ። ይህን ቁጥር ያዩ ሁለት ጥቁር እናቶች ፋይቭ ኤክስ ሞር («አምስት እጥፍ» ማለት ነው) የሚባል ማኅበር አቋቋሙ፤ ለፓርላማ የቀረበው አቤቱታም ከ187,000 በላይ ፊርማ አግኝቶ በኤፕሪል 2021 ክርክር ተደረገበት። በ2024 የወጣው ሪፖርት ልዩነቱ ወደ 3 እጥፍ ገደማ መውረዱን ያሳያል። ይህ መሻሻል ነው? ከፊሉ መሻሻል ነው፤ ከፊሉ ግን የነጭ እናቶችም ሞት በመጨመሩ የመጣ በመሆኑ ማንም ሊኮራበት አይገባም። የፓርላማው የሴቶችና የእኩልነት ኮሚቴ በ2023 መንግሥት ልዩነቱን ለማጥፋት የጊዜ ገደብ ያለው ግብ እንዲያስቀምጥ ሲጠይቅ፣ የወቅቱ መንግሥት አልተቀበለም። ግብ ያላስቀመጠን መንግሥት ከግብህ ጎደልህ ብሎ መክሰስ አይቻልም፤ ግብ የማይወዱትም ለዚህ ይመስለኛል።

እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ከየት ይመጣሉ? «ብሔረሰብዎ ምንድን ነው?» ከሚለው ቅጽ ነው። እኛ ቅጹን ሲሰጡን «ይህ ለምን ያስፈልጋቸዋል?» ብለን «መግለጽ አልፈልግም» የምትለዋን ሳጥን እንመርጣለን። ፍርሃቱን አውቀዋለሁ፤ በአገራችን የብሔር ጥያቄ በመታወቂያ ላይ ምን እንዳስከተለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚህ ግን ካልተቆጠርን የለንም። የ2021 የሕዝብ ቆጠራ «አፍሪካዊ» የሚለውን ለመረጡ የመጡበትን እንዲጽፉ ቦታ ሰጥቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ክፍት መስመር ስታገኙ ሙሉት።

ሌላው የአስተርጓሚ ጉዳይ ነው። አንድ ቀን በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከሌላ ቀጠሮ ስወጣ፣ ዕድሜዋ አሥር የሚሆን ልጅ ከእናቷ ጎን ቆማ ሐኪሙ የሚለውን ስታስተረጉም ሰማሁ። የማሕፀን ጉዳይ ነበር። ልጅቱ አንዱን ቃል አላወቀችውም፤ እናቷም በልጇ ፊት መናገር አፍራ «ደህና ነኝ በይው» አለቻት። ሐኪሙ ደህና ናት ብሎ ጻፈ። የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት፣ የኤን ኤች ኤስ፣ መመሪያ አስተርጓሚ በነፃ መቅረብ እንዳለበት፣ ሕፃናትም ማስተርጎም እንደሌለባቸው በግልጽ ይናገራል። ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ፤ ካልቀረበላችሁ «ጠይቄ አልቀረበልኝም» የሚለው በመዝገባችሁ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። ቅሬታ ካላችሁ በ12 ወር ውስጥ ለተቋሙ ታቀርባላችሁ፤ ካልረካችሁ የፓርላማና የጤና አገልግሎት እንባ ጠባቂ አለ።

ሦስተኛው የዘር እኩልነት ነው፤ ባለፉት ሁለት ነጥቦች ውስጥ ሁሉ ስለነበረ ዳር ዳሩን አልዞርም። በ1965 የወጣው የመጀመሪያው የዘር ግንኙነት ሕግ መኖሪያ ቤትንና ሥራን አይነካም ነበር፤ አከራይ «ለጥቁር አላከራይም» ቢል ሕግ አልጣሰም። ያ ክፍተት የተዘጋው በ1968 ነው። በ1993 ጥቁሩ ወጣት ስቲቨን ሎውረንስ በዘረኛ ነጮች ከተገደለ በኋላ ወላጆቹ ለዓመታት ባደረጉት ትግል የተካሄደው ምርመራ በ1999 የፖሊስን ተቋማዊ ዘረኝነት አጋለጠ፤ በ2000 የተሻሻለው ሕግም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ ግዴታ ጣለ። ዛሬ ይህ ግዴታ በ2010 የእኩልነት ሕግ አንቀጽ 149 ውስጥ ይገኛል። ማንኛውም የመንግሥት አካል ሲወስን አድልዎን ማስወገድን፣ የእኩል ዕድል ማስፋፋትንና በልዩ ልዩ ሰዎች መካከል መልካም ግንኙነት መፍጠርን በሚገባ ማሰብ አለበት ይላል።

«ማሰብ» ሲባል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ አየሁ። ልክ ናችሁ፤ ሕጉ ጥርሱ ትንሽ ነው፤ አስቡ እንጂ ይህን ውሳኔ ወስኑ አይልም። ፍርድ ቤትም ሁልጊዜ አይፈርድልንም። አከራዮች የተከራይን የመኖሪያ ፈቃድ እንዲመረምሩ ያስገደደው ሕግ አንዳንድ አከራዮች በዘርና በዜግነት እንዲያዳሉ ማድረጉን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2020 ተቀብሎ፣ ሕጉ ግን ተገቢ ምክንያት አለው ብሎ አጽንቶታል። ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር አታለልኋችሁ ማለት ነው።

ይሁንና ትንሹም ጥርስ ይነክሳል። በ2008 የኢሊንግ ካውንስል ለቤት ውስጥ ጥቃት ተጎጂዎች የሚሰጠውን ገንዘብ ለሁሉም በሚሆን አንድ አገልግሎት ላይ ለማዋል ወሰነ፤ ይህም ከ1979 ጀምሮ ጥቁርና እስያውያን ሴቶችን ሲረዳ የቆየውን ሳውዝሆል ብላክ ሲስተርስ የተባለ ማኅበር ድጋፍ የሚያሳጣ ነበር። የአገልግሎቱ ተጠቃሚ የሆኑ ሁለት ሴቶች በፍርድ ቤት ተከራከሩ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ከመወሰናችሁ በፊት ይህ ውሳኔ በእነዚህ ሴቶች ላይ የሚያደርሰውን መርምራችኋል ወይ? ካውንስሉ ክርክሩ ሳያበቃ ተረታ፤ ዳኛውም ግምገማው ከውሳኔው በፊት መደረግ እንዳለበት በፍርዱ አሰፈረ። በኖቬምበር 2020 ደግሞ የእኩልነትና የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በዊንድረሽ ትውልድ ላይ (ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከካሪቢያን በሕጋዊ መንገድ መጥተው ኋላ ግን እንደ ሕገ ወጥ በተቆጠሩት ላይ) መከራ ያመጣውን ፖሊሲ ሲያወጣ ይህንኑ ግዴታ እንዳልተወጣ ደመደመ። ለዊንድረሽ ሰዎች ዘግይቶ የመጣ ፍርድ ነው፤ ቤታቸውን፣ ሥራቸውንና ሕክምናቸውን ካጡ በኋላ።

ስለዚህ ወደ ካውንስል ስንሄድ «ዘረኞች ናችሁ» ብለን መጮህ ይቀናናል፤ እነርሱም «አይደለንም» ይላሉ፤ ነገሩ በዚያው ይቀራል። እኔ የምመክረው አንዲት ጥያቄ በጽሑፍ እንድናስገባ ነው፤ «ይህን ከመወሰናችሁ በፊት በእኛ ላይ የሚያደርሰውን የገመገማችሁበትን ሰነድ ስጡን።» ሰነዱ ካለ እናነበዋለን፣ ስሕተቱን እናሳያለን። ሰነዱ ከሌለ አለመኖሩ ራሱ ማስረጃ ነው።

ጊዜውም ደርሷል። ካውንስሎች የሚቀጥለውን ዓመት በጀትና ግብር እስከ ማርች 11 ድረስ መወሰን አለባቸው፤ የሚቀነሱትን አገልግሎቶች ዝርዝርና የእኩልነት ግምገማውን ለአስተያየት የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ አገር የብርድ ወራት ነው። በዚህ ክፍል ያላችሁት በልዩ ልዩ ካውንስሎች ሥር ትኖራላችሁና፣ ከእያንዳንዱ ካውንስል ሁለት ሁለት ሰው ሆናችሁ ረቂቁን የምትከታተሉ እንድትመዘገቡ እለምናለሁ፤ እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁን ወጣቶቹ ያግዟችኋል። የመመዝገቢያው ወረቀት ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከአከራይ ወይም ከሆስፒታል የመጣ ደብዳቤ የያዛችሁ ደግሞ ከፖስታው ጋር አምጡልኝ፤ በፖስታው ላይ ያለው ማኅተም የደረሰበትን ቀን ይነግረናል። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።